ሻኛው ላይ የቀሩት

ሌሎች የዘመቱ ሰዎች ሲያወሩ ከአንድ ኮረብታ ይጀምራሉ። እዚህ መሸግን፣ እዚያ ወጣን፣ እዚህ ላይ እገሌ ወደቀ ይላሉ። የእኔም ነገር ከኮረብታ ይጀምራል፤ ግን አፈርና ድንጋይ አልነበረም። ብረት ነበር። ባሕር መሐል ቁጭ ያለ፣ አንዳንዴ ብቅ የሚል፣ አንዳንዴ የሚጠፋ የዛገ ጉብታ። እኛ ሳንመጣ በፊት የነበሩት ወታደሮች «ሻኛው» ብለውታል። ከሩቅ ሲያዩት ውሃ ውስጥ የተኛ በሬ ሻኛው ብቻ ውጭ የቀረ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ግን ሰርጓጅ መርከብ ነበር። የጣሊያን ነው፤ የጥንት።

ታንጉት እባላለሁ። የታች ጋይንት ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያም እስከ አራተኛ ክፍል ገፋ አድርጌ ተውኩት። አጻጻፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ይህን መጻፍ የያዝኩት ልጄ ማኅደር ባሕር ኃይል ልግባ ብላ ስለተነሣች ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት መዋል ከጀመረች ቆየች። አንድ ቀን ከአርብ ገበያ ስትመለስ ስልኳን ዓይኔ ሥር አድርጋ፣

«እማ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው አየሻቸው? ምዝገባው ኦንላይን ነው። ፈተናው ብቻ ነው ደብረ ታቦር» አለችኝ።

«የት ያለ ባሕር ነው?» አልኳት።

«ባሕሩ ይደርሳል እቴ! መጀመሪያ ሥልጠናው ነው።»

ሳቀች። እኔ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። በጦሩ ውስጥ የቁስለኛ ረዳት እንደነበርኩ ታውቃለች። ከዚያ በላይ ነግሬያት አላውቅም፤ ልነግራት ስጀምር አፌ ይያዝብኛል። መንገዱ እንደሆነ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ እስኪከፈት ድረስ የምትሄድበትን ቀን እየጠበቀች ነው። እኔም በዚህ መሐል ይደርስልኝ ይሆናል ብዬ እጽፋለሁ። ለእሷም፣ እሷን ለመሰሉም።

ያኔ የደርግ ዘመን መጨረሻው ነበር። ምጽዋ ከእጅ ወጥታ እኛ ደሴቶቹ ላይ ቀርተናል። እኔ እዚያ የደረስኩት የጦር ሆስፒታል ሴት ረዳቶች ይፈልጋል ተብሎ ከጋይንት ከወጣን ልጃገረዶች ጋር ነው። ፋሻ ማሰር፣ ደም ማቆም፣ ቃሬዛ ማንሣት አስተማሩን። ከዚያ ከአሰብ በመርከብ ጭነው አንድ ደሴት ላይ አራገፉን። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እኛ አገር ውሃ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ከዚህ ወገን አለ፣ ከዚያ ወገን ማዶ አለ። ያኛው ማዶ የለውም።

ደሴቱ ላይ ጥላ የሚባል የለም። ጨው፣ ሙቀት፣ የሚነድ አሸዋ። የሚጠጣ ውሃ የሚመጣው በጀልባ ነው። ጀልባችን አሮጌ ነበረች፤ ከኋላዋ አንድ መትረየስ ተጠምዶባታል፣ መሐሏን የውሃ በርሜል ሞልቶታል። ደሴት ለደሴት እየዞርን ለምሽጎቹ ውሃ እናድላለን፣ ቁስለኛ ካለ እናነሣለን። እኔ ለቁስለኛው ነበርኩ።

የጀልባዋ አለቃ ቺፍ ዑስማን ነበሩ፤ ቺፍ የባሕር ኃይል ማዕረግ ነው። የምጽዋ ልጅ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ባሕር ኃይል ገብተው በባሕር ላይ ያረጁ፣ ጸጉራቸው ነጭ፣ ቆዳቸው ጥቁር ሰሌን የመሰለ። ዘመዶቻቸው አማፂዎቹ በያዟት ምጽዋ ቀርተውባቸዋል። ስለዚህ የሚያማቸው አይጠፋም ነበር። እሳቸው እንዳልሰሙ ሆነው መሪያቸውን ይይዛሉ።

በርሜል አውራጆቻችን ሁለት ነበሩ። ልንገረው የስማዳ ልጅ ነው፤ ከወገዳ ወዲያ ወደ ቆላው ካለ መንደር። ረጋ ያለ፣ ሲናገርም ሲራመድም አፈሩን እየሞከረ የሚሄድ የሚመስል። ሙሉጌታ የእስቴ ነው፤ አፉ አያርፍም። ሁለቱም ወደ ባሕሩ የመጡት ከእኔ ጥቂት ቀደም ብለው ነበር። የአንድ አገር ሰዎች ስለሆንን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስንተራረብ እንውላለን።

«ስማዳዎች ግን ውሃ የሚባል አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይለዋል ሙሉጌታ።

«እኛማ ወንዝ አለን። እናንተ ናችሁ ከጭቃ በቀር የሌላችሁ» ይላል ልንገረው።

«ጋይንቶችስ?»

«ጋይንቶች ደብተራ አላቸው። ውሃውን በድግምት ያቆሙታል፤ አይደለም ታንጉት?»

እንዲህ ነበር ቀናችን። ዛሬ ሳስበው ከጦርነቱ ይልቅ ቀልዱ ነው የሚታወሰኝ።

አንድ ጠዋት በሻኛው አጠገብ ስናልፍ ልንገረው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ጉብታው ያን ጊዜ እስከ ሰው ደረት ድረስ ወጥቶ ነበር። ቺፍ ሞተሩን አስቀነሱና፣

«ይኸ የምታዩት አንገቱ ነው። ገላው ከሥር ነው» አሉ። «አባቴ የወደብ ኩሊ ነበር። እሱ እንደነገረኝ፣ እዚህ ሲያመጡትም ያረጀ ነው። በአገሩ፣ በፊተኛው ትልቅ ጦርነት ተዋግተውበታል። ኋላ ሲያረጅ፣ ሽማግሌ ግመል ወደ በረሃ እንደሚለቀቅ፣ ወደ እኛ ለቀቁት።»

«ሰው ውስጡ ገብቶ ከውሃ ሥር ይሄዳል?» አለ ሙሉጌታ።

«ይሄዳል። የአንድ ትልቅ ቤት ሰው ሙሉ ይገባበታል። በሩ ከላይ ነው፤ ከውስጥ ይዘጉታል።»

«እግዚኦ! ከነነፍስ መቀበር!»

«ውስጡ እንደ ምድጃ ነው አሉ። ጠልቆ በዋለ ቀን ሰዎቹ እየተደገፉ ይወጣሉ። አየሩ አዙሯቸው ያልወጡም አሉ። ታዲያ ምን ሠራ ብትሉኝ ብዙ አልሠራም። ይወጣል፣ ያደባል፣ ይመለሳል። አንድ መርከብ መትቷል የሚሉ አሉ፤ አልመታም የሚሉም አሉ። በመጨረሻ እንግሊዝ ሲመጣ፣ በጠላት እጅ ከሚወድቅ ብለው የገዛ ሰዎቹ ውሃ አስገቡበት። እዚህ ተኛ። የአገልግሎቱ ታሪክ ይኸው ነው።»

ልንገረው ዝገቱን እያየ፣ «ለዚች ነው ያን ያህል አገር ተጉዞ የመጣው?» አለ።

ቺፍ ዞር ብለው አዩት። ሞተሩን አስጨመሩና ሄድን።

ቀኑ የደረሰው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «ለሁለት ምሽግ ውሃ አድርሱ። ቁስለኛ ካለ አንሡ። ተመለሱ።» በመጀመሪያው ደሴት ግማሹን በርሜል አወረድን፣ ሁለት ቁስለኛ ጫንን። አንዱ ሆዱን የተመታ ወጣት ነው፤ ስሙን እንኳ ለመናገር አቅም አልነበረውም። ሌላው አሥር አለቃ በላይ ይባላል፤ ጭኑ ተሰብሮ በእንጨት ታስሯል። ከመትረየስ ተኳሹና ከሞተረኛው ጋር ስምንት ሆንን። ወደ ሁለተኛው ደሴት አቀናን። ያ ደሴት ከሻኛው ባሻገር ነው።

ጭጋግ የመሰለ አቧራ አየሩን ሞልቶት ነበር። የጀልባ ድምፅ ሰማን፤ ከየት እንደሆነ አልለየነውም። ቺፍ «ተኙ!» አሉ። ወዲያው ከጭጋጉ ውስጥ ሁለት ፈጣን ጀልባዎች ወጡ። ተኳሻችን ተኮሰ። እነሱም ተኮሱ። ጊዜ አልወሰደም። ተኳሹ በመትረየሱ ላይ ተደፋ። ሞተረኛው ከሥር አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። እሳት ተነሣ። ሆዱን የተመታውን ወጣት በሰውነቴ ልሸፍነው ስዞር ዓይኑ ቆሟል። በርሜሎቹ እንደ ወንፊት ተበሳስተው ውሃው በላያችን ይፈሳል። ጠምቶን የምንውልበት ያ ውሃ በደምና በነዳጅ ተቀላቅሎ ጉልበቴን ሲያረጥበው ይታወቀኛል።

ጀልባዎቹ አለቀላቸው ብለው ይሁን ወይ ጭጋጉ ጋርዶን፣ አልተመለሱብንም። ቺፍ መሪውን አልለቀቁም ነበር። ሞተሩ ሳይጠፋ በምትነደው ጀልባ ጥልቅ ወዳልሆነው ቦታ ነዱ፤ ሆን ብለው አሸዋ ላይ ሰኳት። ሻኛው ከፊታችን ነበር። ልንገረውና ሙሉጌታ አሥር አለቃውን በቃሬዛው ተሸክመው፣ እኔ ገመድ ይዤ፣ ውሃው ደረታችን እየደረሰ ሄደን ብረቱ ላይ ወጣን። ጀልባዋ ከኋላችን ተቃጠለች።

አምስት ነበርን። ሻኛው ላይ ቁጭ ብለን ተያየን። እንዳለፈው ቀን እስከ ደረት አልወጣም፤ ከውሃው በላይ የቀረው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ላዩ ዛጎል ተለጥፎበት እግር ይቆርጣል። ድሮ ከውሃ ውስጥ ሆነው ወደ ላይ የሚያዩበት ቧንቧ ግማሹ ተሰብሮ ቆሟል፤ እሱን ተደገፍን። ረፋድ ሆኖ ነበር። ጭጋጉ ገፈፍ ሲል ደሴቱ ታየን። ሩቅ አልነበረም። አንድ ጥማድ በሬ ከማሳ ወደ ቤት የሚነዱበትን ያህል ቢሆን ነው።

ቺፍ ጊዜ አላጠፉም። ጣታቸውን ዘርግተው፣

«ከዚህ እስከዚያ ከሥር አሸዋ አለ። አሁን በእግር ይኬዳል። መሐል ላይ አንገት ይደርሳል፣ ከዚያ ይቀላል። ተነሡ» አሉ።

ማንም አልተነሣም።

«ቺፍ፣ ውሃው እኮ ሞልቷል» አለ ልንገረው። «ያለፈው ቀን ሳየው ይኸ ብረት እስከ ደረት ወጥቶ ነበር። አሁን ደራሽ መጥቶ ነው። እንጠብቅና ሲጎድል እንሂድ።»

«አይጎድልም። ገና እየመጣ ነው» አሉ ቺፍ። «ከሰዓት ይኸ ሁሉ ውሃ ነው የሚሆነው።»

«ደራሽ ከደረሰ በኋላ አይጨምርም፣ አባቴ። የሚከፋው መጀመሪያው ነው። ከዚያ እየቀለለው ነው የሚሄድ።»

ይህን ለልጄ ዕድሜ ሰዎች ላስረዳ። የአገራችን ወንዝ እንዲያ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ፀሐይ ነው፤ ድንገት ሲያጓራ ትሰማለህ፣ እንደ ግድግዳ ሆኖ ይመጣል። ዐለት ላይ የወጣ ይድናል። ካለፈ በኋላ ይጎድላል፤ ጭቃውን ረግጠህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ሙላት መሐል የገባውን ግን ታች ለታች ሬሳውን ይፈልጉታል። የልንገረው ቃል ቂልነት አልነበረም። ከጡት ጋር የጠባነው ዕውቀት ነበር። እኔም አመንኩት። ቺፍን አላመንኳቸውም።

ቺፍ ሦስት ሆነን አሥር አለቃውን እንሸከመዋለን አሉ። ሙሉጌታ ሳቅ ለማምጣት ሞከረ፤

«ቺፍ፣ እርስዎ ዓሣ ነዎት፤ እኛ በሬ ነን። በሬ ሸክም ይዞ ሙላት አይገባም።»

አሥር አለቃ በላይ በክርኑ ቀና አለ። ጥርሱን ነክሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደሴቱ ላይ ያሉት የማን ሰዎች እንደሆኑስ በምን እናውቃለን? እሱ እንደሁ በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው» አለ።

ቺፍ ሰሙት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። ጎንበስ ብለው ውሃውን በእጃቸው ነኩና፣ «ልጆቼ፣ ስለ እኔ ኋላ ታሙኛላችሁ። አሁን ሰዓቱ እየሄደ ነው» አሉ።

ልንገረው የቃሬዛውን ጫፍ ያዘና ቁጭ አለ። «ይኸን ሰው ትቼ አልሄድም፤ ሙላት ውስጥም ይዤው አልገባም። እጠብቃለሁ።»

እሱ ከተቀመጠ ሙሉጌታም ተቀመጠ። ያን ጊዜ አሥር አለቃው ወደ እኔ ዞረ። ጭኑን ያሰርኩበት ፋሻ ደም ጠጥቶ አልቋል። የእኔ ሣጥን ከጀልባዋ ጋር ተቃጥሏል።

«አንቺ ከእሱ ጋር ሂጂ» አለኝ። «ምሽጉ የእኛ ከሆነ ፋሻና ጀልባ ይዘሽ ትመጫለሽ። ካልሆነ እንዳትመለሺ። ትእዛዝ ነው።»

ትእዛዝ ስለሆነ ተነሣሁ። ባያዝዘኝ አልነሣም ነበር።

ቺፍ የያዝኩትን ገመድ አንድ ጫፍ ወገቤ ላይ አሰሩ፣ ሌላውን በራሳቸው። «እግርሽን አታንሺ ልጄ፣ ጎትቺው። ካነሣሽው ይወስድሻል» አሉኝ። ገባን። ውሃው ሞቃት ነበር። ደረቴ፣ ትከሻዬ፣ አንገቴ። መሐል ላይ አፌን ሞላው፣ ጨው ጠጣሁ። ቺፍ ገመዱን ሳብ አድርገው አገጬን በመዳፋቸው ደግፈው ያዙኝ። ከኋላችን የሙሉጌታ ድምፅ መጣ፤

«ታንጉት! ስትመለሺ ዳቦ እንዳትረሺ!»

«ሲጎድል በእግራችን እንመጣለን!» አለ ልንገረው።

ዞሬ ማየት አልቻልኩም። ዞር ካልኩ እወድቃለሁ።

ደሴቱ ላይ ያሉት የእኛው ሰዎች ነበሩ። የምሽጉ መቶ አለቃ ሮጦ መጣ፤ ጀልባ ስንል አንገቱን ነቀነቀ። የሞተር ጀልባቸው ከተበላሸች ሰንብታለች። ያለችው አንዲት የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ናት። ቺፍ የተሰጣቸውን ውሃ እንኳ ሳይጨርሱ ሁለት ወታደር ይዘው በታንኳዋ ገቡ። እኔ ምሽጉ የሰጠኝን ፋሻ በጨርቅ ቋጥሬ ልገባ ስል፣ «አንቺ ሰው መያዣ ቦታ ትበይብኛለሽ» ብለው ከለከሉኝ።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ነፋስ ተነሣ። ከባሕሩ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው። ታንኳዋ ትሄዳለች፣ ሞገዱ ያነሣታል፣ መልሶ ወደ ዳር ይጥላታል። እንደገና ገፉ። እንደገና መለሳቸው። በሦስተኛው ተገለበጠች፤ አንዱን ወታደር ቺፍ በጸጉሩ ይዘው አወጡት።

እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ብረቱ አይታይም። ሁለት ሰዎች ውሃ ላይ የቆሙ ይመስላል። ወዲያው ወገባቸው ደረሰ። ሁለቱ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ነበር፤ አሥር አለቃው ከላይ ተኝቷል። ሬሳ እንደሚሸኙ ሰዎች። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ሞገድ መጣ፣ ቃሬዛው የለም። ሁለት ሰው ቧንቧውን አቅፏል። በአገሬ እንደምንጣራው፣ ከገደል ገደል እንደሚጠራራ ሰው፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ስማቸውን ጠራሁ። ነፋሱ ድምፄን መልሶ ፊቴ ላይ ጣለው። ሌላ ሞገድ መጣ፣ አንድ ሰው ቀረ። ልንገረው ይሁን ሙሉጌታ ከዚያ ርቀት አይለይም። ያ አንድ ሰው ብዙ ቆየ። ኋላ ቧንቧው ብቻ ቀረ።

ጀምበር ልትገባ ስትል ነፋሱ ተኛ። ውሃው መሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ ቧንቧው ረዘመ፣ ከዚያ ዝገቱ ታየ፣ ከዚያ ሻኛው እንዳለ ወጣ፤ እስከ ሰው ደረት። ባዶውን ቆመ። ከእኛ እስከ እሱ ድረስ አሸዋው ከውሃው ሥር ነጣ ብሎ እንደ መንገድ ይታያል።

ልንገረው እንዳለው ጎደለ። በእግር የሚኬድ ነበር።

ቺፍ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ነበር። እጆቻቸው ከመቅዘፍ ብዛት ተላልጠዋል። ፋሻውን አውጥቼ አሰርኩላቸው። ለእነሱ ያመጣሁት ፋሻ ነው። «አልሰሙኝም» ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም። «አላስረዳኋቸውም» ነው ያሉት። «ዕድሜ ልኬን ባሕር ላይ ኖሬ፣ ባሕር ለማያውቅ ሰው ባሕርን ማስረዳት አልቻልኩም።»

በማግሥቱ ሙሉጌታን ዳር ላይ አገኘነው። ቄስ የለም፣ ግንዘት የለም። አሸዋ ቆፍረን ቀበርነው፤ ከቃሬዛው የተረፈውን ስባሪ እንጨት በመስቀል ቅርጽ አሰርኩበት። ቺፍ ፈቀቅ ብለው ቆመው በራሳቸው ጸሎት ጸለዩለት። አሥር አለቃ በላይና ልንገረው አልተገኙም። ሞተረኛው፣ ተኳሹና ያ ስሙን ያልሰማነው ወጣት ከጀልባዋ ጋር ሄደዋል። ስምንት ወጥተን ሁለት ተረፍን። የሞቱት ስድስት ናቸው። ከስድስቱ መቃብር ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ዛሬ ሄዶ የሚያገኘው የለም።

ሻኛው የራሱም ሙታን ነበሩት። ቺፍ እንዳሉት አየሩ አዙሯቸው የቀሩ የሰው አገር ልጆች። የእኛዎቹ በእነሱ ላይ ተደረቡ። ባሕሩ ቋንቋቸውን አይጠይቅም።

ጦሩ ሲበተን ከቺፍ ጋር ተለያየን። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። እኔ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ጋይንት ገባሁ። ጥቂት ካረፍኩ በኋላ ግን መቀመጥ አልቻልኩም፤ በእኛ አገር ያየ ሰው ካልመሰከረ መርዶ የለም፣ መርዶ ከሌለ ለቅሶ የለም፣ ፍትሐትም ተዝካርም የለም። እናት በር በሩን እያየች ታረጃለች። ስለዚህ መጀመሪያ እስቴ ሄድኩ። የሙሉጌታ አባት ሲያለቅሱ ቆዩና፣ «በመጨረሻው ቀልዶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወገዳ ወረድኩ። ከወገዳ ወዲያ ደግሞ በእግር። ለመንደሩ ሽማግሌዎች ነገርኳቸው፤ በማግሥቱ ማለዳ ተሰብስበው መርዶውን አረዱ። የልንገረው እናት እማማ አንጓች አጭር፣ ቀጭን ሴት ናቸው። አለቀሱ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ወደቁ። ለቅሶተኛው ረጋ ሲል አስጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«በዓይንሽ አየሽው?» አሉኝ።

«አየሁት፣ እማማ።»

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። አሥር አለቃውን ጥሎ አልሄድም እንዳለ፣ በትከሻው እንደያዘው ነገርኳቸው። ይህን ስል ትንሽ ቀና አሉ። ከዚያ፣ አሮጌው ባሕረኛ እንሂድ ሲላቸው ልንገረው ውሃው እስኪጎድል እንጠብቅ እንዳለ ነገርኳቸው።

ለቅሷቸውን አቆሙ።

«ማነው ይጎድላል ያለው?»

«እሱ ነው፣ እማማ። ልንገረው ነው ያለ።»

«እሱ አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሙን ይኸ የእኛ ወንዝ ነው የወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ልንገረውን፣ ውሃ ሞልቶ ካየህ ዐለት ላይ ውጣና ተቀመጥ፣ ማንም ና ቢልህ እንዳትገባ፣ ሲጎድል በእግርህ ትመጣለህ እያልኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በአለንጋ እየገረፍኩ ነው ያስተማርኩት። እሺ ባይ ልጅ ነበር።»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ሌሎቹ ሴቶች ያንጎራጉራሉ፤ እሳቸው ከዚያ ወዲያ አንድ ዘለላ እንባ አላወጡም። መሬቱን በጣታቸው እየጫሩ፣ «እሺ ባይ ነበር» ብቻ ይላሉ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ማኅደርን ያሳደግኋት በዚያው ቃል ነው፤ ወንዝ ሲሞላ ዐለት ላይ ውጪ፣ ሲጎድል ትመጫለሽ። ሌላም ብዙ ቃል አስይዣታለሁ፤ ለእንግዳ እንዲህ በይ፣ ከማይታወቅ ሰው ጋር አትሂጂ፣ ታላቅ ሲናገር ዝም በይ። ሁሉም ለዚህ አገር ይበጃል። ልጄ አትሰማኝም ብዬ የምፈራ የሚመስላቸው ጎረቤቶች አሉ። «ተያት፣ የዘንድሮ ልጅ የእናት ቃል አይሰማም» ይሉኛል። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት በሌላ ነው። ማኅደር እሺ ባይ ናት።

ትናንት የጻፍኩትን እስከዚህ ድረስ ሰጠኋት። በር ላይ፣ ብርሃኑ ባለበት ተቀምጣ አነበበችው። ፊደሌ አንዳንድ ቦታ ሲያስቸግራት ትጠይቀኛለች። ስትጨርስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ኋላ ቀና ብላ፣

«እና እማ፣ ሂጂ ነው ቅሪ ነው የምትይኝ?» አለችኝ።

ቅሪ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ሂጂም አላልኳት። የማውቀው የዚህን አገር ውሃ ብቻ ነው።